የደረጃውን መብራት ገመድ ለመረጡልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የከተማ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎም የሞቀ እንዲሆን፣ አመሻሽ ላይ ደጅ ደጁን እያዩ የሚጠብቁት ሰው ሁሉ በሰላም እንዲገባልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመብራት ባለሙያ ነኝ። የታችኛውን ሰፈር ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ደረጃ መብራት ሲተከልለት በአማካሪነት ጠርተው፣ ከጎንዎ አስቀምጠው፣ ንግግሬን ራስዎን እየነቀነቁ ያዳመጡኝ ሴት ነኝ። ፊቴን ረስተውት ይሆናል። ስሜን ግን አልረሱትም፤ ደረጃው አናት ላይ ባስተከሉት የእብነ በረድ ሰሌዳ ላይ «ገመዶቹንና ማገናኛዎቹን የመረጡ ባለሙያ» ተብሎ ተቀርጾልኛል። ይህን ያህል ውለታ ተውሎልኝ በስልክ ብቻ ማመስገን ነውር ስለመሰለኝ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ገመዱ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ እንዳስረዳሁት፣ እነዚያ መብራቶች ሰው በሌለበት ደብዝዘው ይቆያሉ፤ ሰው ሲመጣ እንዲደምቁ የሚያዛቸው ከኃይል መስመሩ የተለየ ቀጭን የምልክት ገመድ ነው። ክረምት ከበጋ ውጭ የሚያድር ነውና ፀሐይ የማይሰነጥቀው፣ ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ሽፋን ያለው እንዲሆን ለምኜ ነበር። እርስዎ ለቢሮ ግድግዳ የተሠራ ነጭ ገመድ አስገዙልን። ነጭነቱ ከእብነ በረዱ ጋር እንደሚስማማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አላሰብኩትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማገናኛዎቹ። እኔ የላስቲክ ቀለበት ያላቸውን፣ በጥርስ ተጠምዝዘው የሚጠብቁትን ነበር ያልኩት። እርስዎ ጠረጴዛ ሥር የሚሰካውን ዓይነት መርጠው በሚለጠፍ ናስትሮ አስጠቀለሉት። ማገናኛዎቹ የተቀመጡባቸው ሣጥኖችም ተዘግተው፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው ተመረቁ። በጣም ያምሩ ነበር።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ ድንገት ቢቋረጥ መብራቶቹ በሙሉ ድምቀት በርተው እንዲቆዩ አሳስቤ ነበር። ኃይል ይባክናል ብለው በተቃራኒው አስደረጉት፤ ትእዛዝ ያልደረሰው መብራት ጠፍቶ እንዲጠብቅ። በጽሕፈት ቤትዎም ማንም ያለ ትእዛዝ ስለማይንቀሳቀስ፣ መብራቶቹ ከእናንተ ሥርዓት ቢማሩ ምን ክፋት አለው?

ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ግን «አራተኛ» ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ባለቤቴ ከደረጃው ግርጌ አነስተኛ ሱቅ ነበረው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግናል። መብራቶቹ በተመረቁ ሰሞን ከሥራ ሲመለስ፣ ከፊቱ የደመቀውን እያንዳንዱን መብራት ባርኔጣውን አንስቶ «እንደምን አመሸህ ጌታዬ» ይል ነበር። መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ ሚስቱ እንዳበራችው ይነግራል። እኔ በኀፍረት ክንዱን እጎትታለሁ፤ እሱ ይብስበታል። ሰው በሚስቱ ሥራ እንዲህ ሲኮራ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ዕለት አመሻሹ ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ የሰው ክራር በጨርቅ ጠቅልሎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ከኋላው ይመጣ የነበረ ጎረቤታችን እንደነገረኝ መብራቶቹ ጥቂት ተርገበገቡ፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጠፉ። ባለቤቴ ክራሩን እንዳይሰብር በሁለት እጁ አቅፎት ስለነበር መደገፊያውን አልያዘም። ክራሩ ደህና ነው። እሱ ግን ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ዓይኑን ሳይገልጥ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ ሐዘኑን ገልጾ፣ አደጋው በእግረኛው ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ መሆኑን አያይዞ አስታወቀን። ለፈጣን ምርመራው አመሰግናለሁ። ሣጥኖቹን እንኳ መክፈት አላስፈለጋችሁም።

የባለቤቴ እናት ከእኛው ጋር ነበሩ የሚኖሩት፤ እማማ ነው የምላቸው። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሸሹኝ። የማቀርብላቸውን ምግብ ይቀበላሉ፣ ቀና ብለው ግን አያዩኝም። አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እውነት አንቺ ነሽ የመረጥሽው? ሰሌዳው ላይ አለ ይላሉ።»

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ የምናገረው ሁሉ ሰበብ መስሎ ታየኝ። መፍቻዬን አነሳሁና እጃቸውን ይዤ በቀስታ ወደ ደረጃው ወሰድኳቸው። ልጃቸው ከወደቀበት አጠገብ ያለውን ሣጥን እያዩኝ ፈታሁት። ያጠራቀመው ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ። ናስትሮው ተልጦ፣ የማገናኛው ጥርሶች ዝገው አረንጓዴ ሆነዋል። ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ የለመንኩት ሌላ እንደነበረም ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«ይህን የመረጠ ሰው በዚህ ደረጃ በእግሩ አይሄድም» አሉ።

ከዚያ እዚያው እርከኑ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ እንባቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሰው በጎናችን እየዞረ አለፈ። አሁን ከእማማ ጋር ባንድ ገበታ እንበላለን። በደረጃው ዳር ያሉ ጎረቤቶችም ሲመሽ መጋረጃቸውን ገልጠው፣ መስኮታቸውን ለመንገደኛው እያበሩ ይቆያሉ፤ የሳሎናቸው ገመና ሁሉ ለአላፊ አግዳሚው ተጋልጦ።

እንግዲህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ገመዱና ማገናኛዎቹ በትክክለኛዎቹ ይቀየሩልን። ስሜም ከሰሌዳው ይፋቅልኝ። ቦታው ባዶ መቅረቱ ካሳሰብዎ፣ የእርስዎ ስም በፊደል ብዛት ከእኔው እኩል ስለሆነ ቀራጩ አይቸገርም።

ሥራ በዝቶብዎ ይህን እስከዚህ ድረስ ካነበቡልኝ ትዕግሥትዎን እያደነቅሁ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም ለሚጸልዩልዎ ሁሉ ትሕትናቸውን እየተዋስኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የመሣሪያ ጠጋኙ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሁለተኛው የደረጃ መብራት ፕሮጀክት አማካሪ እንድሆን የላኩት ጥሪ ትናንት ደረሰኝ። በደስታ እቀበላለሁ። ብቻ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ዝናብ የሚጥልበትን አመሻሽ መርጠው፣ መኪናዎን ከላይ አስቀርተው፣ ደረጃውን አብረን እንውረድ። አይፍሩ፤ የትኛው እርከን እንደሆነ ስለማውቅ እዚያ ስንደርስ ክንድዎን እይዝልዎታለሁ።