በኮሪደሩ መስኮት ሥር በገመድ ስለታሰረው ስልኬ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት ኮሪደር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ። ቢሮዎን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ትተው ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ በእንጨት ወንበር መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ሲነሡ የሚያሰሙት "ውይ" እኔ ያለሁበት ሰነድ ክፍል ድረስ ይሰማልና እጅግ አዝናለሁ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የእኔ ስልክ መሆኑን ሳስብ ግን ከሐዘኔ ጋር ትንሽ ኩራትም ይቀላቀልብኛል።

ደብዳቤዬን በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ያነበዋልና ማንነቴን ላስተዋውቅ። በሰነድ ክፍል ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሠራተኛ ነኝ። መንገድ ቆፋሪዎች የመሥሪያ ቤታችንን የኢንተርኔት መስመር በጥሰው ከሄዱ በኋላ ሁላችንም "ሲስተም የለም" እያልን ባለጉዳይ በምንመልስበት ሰሞን፣ አንዲት አጣዳፊ ሰነድ መላክ ነበረብኝና ስልኬን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ፣ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋርቼ ላክኋት። ጥፋቴ ይኸው ነው። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ አዩና ኢንተርኔት አለሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አለኝ አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በያዘው!

ከዚያች ቀን ጀምሮ የዋሉልኝን ውለታ ሁሉ ዝም ብዬ ብውጠው ምስጋና ቢስ እንዳልባል ፈራሁ። ስለዚህ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስልኬን ከእጅ ቦርሳ ኑሮ አውጥተው ለወግ ለማዕረግ ስላበቁልኝ አመሰግናለሁ። በሕንፃችን ውስጥ ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኘው ኮሪደሩ መስኮት ሥር ብቻ ነው ሲባል፣ ለስልኬ በርጩማ ቀረበለት፣ ከበርጩማውም ላይ ከእንግዳ መቀበያው የመጣ ትራስ ተደረገለት። ገመዱ አጭር ስለሆነ ላፕቶፑ ስልኩን ተከተለ፤ ጠረጴዛው ላፕቶፑን ተከተለ፤ እርስዎ ጠረጴዛውን፣ ጸሐፊዎ እርስዎን፣ ባለጉዳዩ ደግሞ ጸሐፊዋን። ዛሬ ሽንት ቤት መግባት የፈለገ ሠራተኛ በሁለት ስብሰባና በአንድ ቃለ ጉባኤ መሐል ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ለእርስዎ ፊርማ መስሏቸው የሽንት ቤቱን ወረፋ ጠብቀው ጠብቀው፣ ተራቸው ሲደርስ ፋይላቸውን እንደ ያዙ ገብተው ወጥተዋል። ከዚህ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ በአንድ ቀን የተፈጸመለት ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

2ኛ. ገመዱ አጠረ ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ ግዢ ክፍሉን አንቀሳቅሰው በካርቶን ሙሉ ገመድ ስላስገዙልን አመሰግናለሁ። የቴክኒክ ኮሚቴው ርዝመቱን በሜትር ለክቶ፣ ቀለሙን ከግድግዳው ጋር አስተያይቶ፣ "ተፈትሾ ገቢ ሆኗል" ብሎ ፈረመ። እርስዎም በጭብጨባ መካከል ሰኩት። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኢንተርኔቱ ግን ወፍ የለም። ኮምፒውተር ጠጋኛችን አገላብጦ አይቶ፣ ይህ ዓይነቱ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ሲያስረዳ፣ ኮሚቴው ይህ በመስፈርቱ ላይ አልተጠቀሰም ብሎ መለሰ። እውነት ነው፣ አልተጠቀሰም። ዛሬ ከሾፌሩ እስከ አትክልተኛው ባትሪው የሚዘጋበት ሰው የለም፤ ሥራው ግን ተመልሶ በእኔው አሮጌ ገመድ ላይ ተንጠለጠለ።

3ኛ. ከዘመድ አዝማድ ወሬ ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። ስልኬ ያረጀ ነውና ጥሪ ሲገባ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። እህቴ እንደምን አደርሽ ልትለኝ ስትደውል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቀጥ ይል ነበር። እርስዎም ነገሩን አጥንተው በሥራ ሰዓት ጥሪ እንዳይገባበት አደረጉ። ደግሞም ገመዱ ትንሽ በተነቀነቀ ቁጥር የኢንተርኔት ማጋሪያው ራሱ ስለሚጠፋና ስልኩ ውስጥ ገብቶ እንደገና ማብራት ስለሚያስፈልግ፣ የመክፈቻ ቁጥሬ እንዲነሣ አዘዙ። ስለዚህ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ እጁን ታጥቦ የሚወጣ ባለጉዳይም፣ ለአገር ሥራ ሲሉ፣ ስልኬን እየከፈቱ እግረ መንገዳቸውን ፎቶዎቼን አይተዋል። ልጄ በእርግዝናዋ ጊዜ ፊቷ እንዴት እንዳማረ የነገረኝ የሒሳብ ሹሙ ነው።

4ኛ. ይህ ቁጥር ስለ ኢንተርኔት ጥቅሉ ክፍያ ነበር። እርስዎን ማሳፈር መስሎ ስለታየኝ ሰርዤዋለሁ።

5ኛ. ስልኬን ስላስመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ጋር ትልቁን የቪዲዮ ስብሰባ ባደረጉበት ዕለት ጠዋት ንብረት ክፍል ለዓመታዊ ቆጠራ መጥቶ ነበር። ቆጣሪዎቹ ላፕቶፑን ቆጠሩ፣ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ የተያያዘ ነገር ሁሉ የላፕቶፑ አካል ነው ብለውም በስልኬ ጀርባ ላይ የንብረት ቁጥር ለጠፉበት። የግሌ ነው ብዬ ብጮኽ፣ ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። ትራሱንም መዝግበውታል።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን እየሳቅሁ መጻፍ ችያለሁ። ቀጣዩን ግን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች ነበር። ምጥ ትፈራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ እንኳ የምትወጋው እጄን ጨብጣ ነው። አጠገብሽ እሆናለሁ፣ እጅሽንም እይዛለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። በዚያ የስብሰባ ዕለት ባሏ ደጋግሞ ቢደውል ጥሪው አልገባ አለው። መጨረሻ ላይ ምጥ እንደ ያዛትና ቶሎ እንድመጣ ጽፎ ላከ። እኔም ፋይል ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ በበርጩማው ላይ አየሁት። ገመዱን ነቀልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት። እርስዎ "ተቋማችን ያለማቋረጥ" ብለው አፍዎ እንደ ተከፈተ በበላዮቹ ፊት ደርቀው የቀሩት በእኔ ምክንያት ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ ያ መልካም ሰው፣ እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ስልኩን ገልብጦ አየና የንብረት ቁጥሩን አገኘው። የተመዘገበ ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ አይወጣም። መውጫ ፈቃዱ የሚጠየቀው በአዲሱ ሲስተም ነው። ሲስተሙ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ በጥበቃው መዳፍ ላይ ነው። ሁለታችንም ስልኩን ትክ ብለን አየነው። ጥበቃው ላብ በላብ ሆኖ እንጀራዬ ነው እትዬ አለኝ፣ እኔም አልፈረድኩበትም። ስልኩን እጁ ላይ ትቼ ልጄ ካርድ ወደ አወጣችበት ሆስፒታል በረርኩ።

እዚያ ልጄ የለችም። አልጋ የለም ተብላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ተልካለች። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ባሏ ይህንኑ ወዲያው በመልእክት ጽፎልኝ ነበር፤ እዚያ እንድመጣ፣ እጄን እንደምትፈልግ። ስልኬ ያን ጊዜ በክብር ወደ ትራሱ ተመልሶ፣ ገመዱ ተሰክቶ፣ እርስዎም ካቆሙበት "ያለማቋረጥ" ቀጥለዋል። የተከበሩት ጸሐፊዎ መልእክቱን አይተው፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸውና ሳይመልሱ አላለፉም። በእኔ ስልክ፣ በእኔ ስም፣ ለልጄ ባል እንዲህ ብለው ጻፉለት፦ "መልእክትዎ ደርሶናል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።"

ባሏም ተረጋጋ። እናትሽ ሰምታለች፣ እየመጣች ነው አላት። እኔ በዚያን ሰዓት በተሳሳተው ሆስፒታል ከበር በር እየዞርኩ የልጄን ስም እጣራለሁ። እንዳልደውል ቁጥራቸው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ በቃሌ የማውቀው የመሥሪያ ቤታችንን የፋይል መለያ ብቻ ነው። አንዲት ነርስ አዝናልኝ ወዲያ ወዲህ ደውላ የት እንዳለች እስክትነግረኝ ድረስ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስደርስ ሕፃኗ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ተጠቅልላ አገኘኋት። ልጄ ስታምጥ የጨበጠችው የአልጋውን ብረት ነበር። ገና ስታየኝ በደከመ ድምፅ፣ እናመሰግናለን ያላችሁን እነማን ናችሁ ስትል ጠየቀችኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጣም ተናድጃለሁ።

የሕፃኗ የመጀመሪያ ፎቶም የደረሰው በርጩማው ላይ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጄን መልክ ከእኔ በፊት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተቀባብሎ አይቶታል፤ እርስዎም አገጯ አያቷን ይመስላል ብለው አስተያየት መስጠትዎን ሰምቻለሁ። ስለ ትክክለኛ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ።

ማንም እንዲቀጣ አልጠይቅም። ልመናዬ አንድ ነው፤ ከእንግዲህ የማንንም ሠራተኛ ስልክ በገመድ ከማሰርዎ በፊት፣ በዚያኛው ጫፍ የሚጠብቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ።

ለወገብዎ ጽናትን፣ ለመንገድ ቆፋሪዎቹ ልቦናን፣ ለኮሪደሩም ንጹሕ አየርን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር በእንጨት ወንበርዎ ፊት እጅ እነሣለሁ።

የሰነድ ክፍል ሠራተኛዋ፣
የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ኢንተርኔት

ከደብዳቤው በኋላ የታወሰኝ፦ ይህን ወረቀት ባዶው በርጩማ ላይ፣ በትራሱ መካከል ያገኙታል። ስልኩ በሩን እንዴት አለፈ ብለው ያንን ምስኪን ጥበቃ እንዳያስጨንቁት እለምናለሁ። ዛሬ ጠዋት ገመዱ ሳይነቀል የመውጫ ፈቃዱን በሲስተም ጠይቄ ነበር፤ እርስዎም ከሳሙና ጥያቄና ከወንበር ጥያቄ መሐል አግኝተውት፣ እንደ ልማድዎ ሳያነቡ አጽድቀውታል። መሥሪያ ቤቱ በእኔ ስልክ የፈጸመው የመጨረሻ ሥራ ይህ ነው። ጥበቃው ፊርማዎን አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ፈቃድዎ ደርሶናል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን፤ እኔና የልጅ ልጄ።