ቅቤ የተቀባ ድንጋይ

ሰኞ፣ ጥር 5

ጠዋት የተሸጠ፦ ሚስማር፣ ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አንድ አካፋ። የገባ፦ ሦስት ኬሻ ድንጋይ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከወሎ ጭኖት መጣ። እሱ ካገባበት መንደር ኮረብታ ነው፤ ብረት ነው ይላል። የማዕድን ፍለጋ ፈቃዱን ከጓደኞቹ ጋር አውጥቷል፤ የቀረው የመቆፈሪያ ገንዘብ ነው። ለመቆፈሪያው የአባታችን ሱቅ ይሸጥ ባይ ነው። ይኸው ሱቅ። አሁን ተቀምጬ የምጽፍበት። መጀመሪያ ድንጋዩ ይመርመር አልኩት። ማግኔት አስጠጋ፤ ልጥፍ አለ፤ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ተካ መቀሴም ይለጠፋል አሉት።

ረቡዕ፣ ጥር 7

የማዕድን ባለሙያዋ ሰላም መጣች። የደንበኛዬ ልጅ ናት፤ ቢሮዋ ስታዲየም አካባቢ ነው። አንዱን ድንጋይ አነሳች፤ ከእጇ ሙልጭ። አሸተተችው። ቅቤ! ሰይድ ኮራ ብሎ አስረዳ፤ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቀብቶ ነው ያመጣው።

“ሙሽራ እንኳ ሳትኳል አትታይም!” አላት።

“ጋሼ፣ እኔ ሽማግሌ ተልኬ አልመጣሁም” አለች።

ናሙና አይመረጥም ብላ አስረዳችው። ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፣ በየርቀቱ ይቆፈራል፣ የወጣው ሁሉ፣ መልከ ጥፉውም፣ ይመጣል። ቀጥ ያለውን ፌሮ ከላይ፣ የተጣመመውን ከሥር የምደረድር ሴት ምን ልበል፣ ማስታወሻዬ?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሰይድ አገር ቤት ገብቶ እየቆፈረ ነው። ናሙናው ሳይደርስ ደላላው ደረሰ። ሱቁን በእርምጃ ሲለካ ያዝኩት። ሰይድ ልኮት ነው። ተናደድኩ። ከዚያ አካፋ ሸጬለት ሸኘሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ከሰዓት

ውጤቱ ወጣ። ብረት አለ፤ ኮረብታው ላይ ግን ስስ ነው። ወደ ቁልቁለቱ ሲወርድ እየወፈረ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ የሰይድ መስመር እጥፍ ብሎ ይመለሳል። ሰላም ግራ ገባት። ደወልኩለት። ተንተባተበ።

“እትዬ፣ እዛ እኮ የአማቴ ጎመን አለ!”

የአባቱን ሱቅ ለመሸጥ ያልፈራ ሰው የእማማ ዘሀራን ጎመን ፈራ።

ጓሮው ሳይቆፈር ውጤቱ ሙሉ አይደለም አለች ሰላም። ሙሉ ካልሆነ ሱቁ አይሸጥም፤ ሰይድን በወላሂ አስማልኩት። እማማን ማን ይጠይቅ ስለው “እትዬ...” ብሎ ተለማመጠኝ። በቃ፣ ገባኝ።

ነገ፦ ለእማማ ዘሀራ ደህና ሻሽ መግዛት። የደሴ አውቶቡስ ትኬት መቁረጥ። ሁለቱንም የሱቅ ቁልፎች ይዤ መሄድ።