«ሕጂ» እና «ሂጂ»

አስመራ፣ የካቲት ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ቤትህ ይግባ። እንደምን አለህልኝ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነላት? ያንን የላክሁላትን የሱፍ ካልሲ ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? የደሴን ብርድ አውቀዋለሁና አደራህን፣ ተቆጥተህም ቢሆን አስደርጋት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አጎታችን ሻዕባንም ደኅና ነው፤ ሱቁም ደኅና ነው፤ እሱ ግን ገበያ የለም ማለቱን አልተወም። ሰላም በይልኝ ብሎሃል።

ባለፈው ደብዳቤህ «መጻፉን ጭራሽ ተውሽው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የጀመርሽው ካለ ላኪልኝና ልየው ብለሃል። እስከ ዛሬ ያልመለስኩልህ ረስቼው አይደለም። ሳልናገር የቆየሁት ነገር ስላለ ነው፤ እሱን ሳልነግርህ መልሱ አይመጣም።

ነገሩ ከዶሮው ታሪክ ይጀምራል። የጎረቤቷን አውራ ዶሮ በልታ፣ ከጎረቤቷ ጋር ጓሮ ለጓሮ ስትፈልገው የዋለችውን ሴት ታስታውሳታለህ። እኔ የጻፍኩት ሴትየዋ ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ ብላ የበላችውን ዶሮ ስትጣራ ያበቃል። አንተ ለጋዜጣ ከመላክህ በፊት አንድ ገጽ ቀጠልክበት። ሆዷን ታመመች፤ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ልጆቿን ሰብስባ የሰው ገንዘብ አትንኩ ብላ መከረች። በስሜ ታተመ። አንተ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዲሬክተር በሰልፍ ላይ ያነበበው ያንተኑ ገጽ ነበር። ሰው ሁሉ እጄን ሲጨብጠኝ አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ምን ልበል? ደግ አስበህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መጨረሻው ሆነ። የምፈጥረው ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጸጸቱ በር ላይ ይጠብቀዋል። ሌባ ልፈጥር ስነሳ የታረመ ሌባ ይመጣልኛል። የታረመ ሌባ ደግሞ ምን ሥራ አለው? ቁጭ ብሎ መምከር ብቻ ነው። ሰለቸኝና ተውኩት። አስመራ ስመጣ ለሁላችሁም ስፌት ልማር ነው አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ወረቀት ከሞላበት ቤት መሸሼ ነበር።

የምሠራው ገዛ ባንዳ የሚባል ሰፈር ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጽገረዳ ትባላለች፤ እጇ ወርቅ ነው፤ አፏ ግን ችኩል ነው። የእሷ አማርኛ ጥቂት፣ የእኔ ትግርኛ ያን ጊዜ ባዶ ስለነበር የምታግባባን አብራን የምትሰፋው ኣዜብ ናት። ኣዜብ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። የእሷ ታላላቆች በትግርኛ ነበር የተማሩት፤ ኋላ ያ ቀረ። አሁንም ስትናገር ነጥብ የሚቀነስባት ይመስል ተጠንቅቃ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፋሁት። ሲኞራዋ ልትወስደው መጥታ ቆማለች። ወይዘሮ ጽገረዳ ኮቱን አነሳችው፣ አየችው፣ ወደ እኔ ዞራ «ሕጂ!» አለችኝ። እጇን እያወናጨፈች «ሕጂ! ሕጂ!» ብላ ደገመችው። ጥፋቴን አውቀዋለሁና ምን ብዬ ልከራከር? ሂጂ ከተባልኩ እሄዳለሁ። መቀሱን አስቀመጥኩ፤ ሻሼን አስተካከልኩ፤ ሲኞራዋን እጅ ነስቼ ወጣሁ።

እያለቀስኩ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስደርስ ኣዜብ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። «ናበይ ትኸዲ ኣለኺ?» አለች፤ ወዴት እየሄድሽ ነው ማለቷ ነው። ሂጂ ብላኛለች አልኳት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ሲገባት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ በትግርኛ «ሕጂ» ማለት «አሁን» ማለት ነው! ሴትዮዋ ያለችኝ እጅጌውን አሁኑኑ ፍቺው ነው። እኔ በእንባ ስሄድ እሷ በሯ ላይ ቆማ፣ ይቺ የወሎ ልጅ ምን ብያት ነው ጥላኝ የሄደች እያለች ትደነግጣለች። ተመልሼ እጅጌውን ፈታሁት።

እዚህ ቀትር ላይ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። እኛም በሩን ገርበብ አድርገን ሻሂ እንጠጣለን። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ኣዜብ ንገሪያቸው ትለኛለች። መጀመሪያ በእሷ አስተርጓሚነት እንደሆነው ነገርኩ። ቀጥሎ ፌርማታው አነሰብኝና በወሬዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ልለካቸው የመጣሁ መስሏቸው ተነስተው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ሌላ ጊዜ ከከተማው ዳር ጸጸራት ድረስ ሄጄ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ቤት ገባሁ፤ የሙሽራዋንም ቀሚስ አጠበብኩላት። ወላሂ አንዱም አልሆነም። ኣዜብ እውነቱን ከእኔ እኩል ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ዝም ባልኩ ቁጥር «ድሕሪኡኸ?» ትለኛለች፤ ከዚያስ ማለት ነው። ወንድም ጋሼ፣ እኔን ከዚያስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደሴ የምጠየቀው ምን ትምህርት አገኘን ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጽገረዳ ራሷ የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል፣ ያቺ ሴት ቤቷ ስትገባ ባሏ ምን አላት ብላ ጠየቀችኝ። ባል እንደሌለኝ በደንብ ታውቃለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሴትየዋ እኔ መሆኗ ቀርቶ ራሷን ችላ ሄዳለች። ልክ ከምናወጣበት ቡናማ ወረቀት ቀደድኩና ጥግ ይዤ ጻፍኩ። ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። አለማወቄ ደስ አለኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ስጽፍ ሻሂዬን ኣዜብ ጠጣችብኝ።

በእኔ ታሪክ ሴትየዋ አትመለስም። አውቶቡሱ ውስጥ አንዱ ቃሉን ይፈታላታል፤ አሁን ማለት ነው እንጂ ሂጂ ማለት አይደለም ይላታል። ትሰማዋለች። ታመሰግነዋለች። ከዚያ በመስኮቱ እያየች ጉዞዋን ትቀጥላለች። ለምን አትበለኝ፤ እኔም አላውቅም።

እዚህ የሚታተም የአማርኛ ጋዜጣ አለ፤ ወስጄ ሰጠሁ። የተቀበለኝ ሰው አንብቦ፣ ይህች የትግርኛ ቃል ትውጣና በአማርኛ ትጻፍ አለኝ። እሺ፣ «አሁን» ብለው ይጻፉትና ሴትየዋ ለምን እንደሄደች እርስዎ ይንገሩኝ አልኩት። እንዲህ ዓይነት አፍ ከየት እንዳመጣሁ እንጃ። እርሳሱን ቃሏ ላይ እንዳደረገ ሳቀ፤ ተዋት። ታትሞ ወጥቷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ሳላሳይህ በመስጠቴ አልጸጸትም። ባሳይህ ኖሮ ሴትየዋን አሳምነህ ትመልሳት ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ልጠይቅህ። ያንን አንድ ገጽ ስትጽፍ በመጋረጃው በኩል አይቼህ ነበር። ከንፈርህን ነክሰህ፣ የሚጠሩህን ሳትሰማ፣ አንዴ ደግሞ ለብቻህ ፈገግ ብለህ። የተማሪ ደብተር ስታርም እንዲያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ያን ጊዜ ንዴቴ ሌላውን ጋረደብኝ። ሰሞኑን ግን ፊትህ ትዝ ይለኛል፤ ስለምን ደስ ብሎህ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ለመሆኑ ከዚያ ገጽ ወዲህ የጻፍከው ነገር አለ? ከዚያስ በፊት?

እናታችንን እግሯን ሳምልኝ፤ ዱዓዋ አይለየኝ። አንተንም አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ ቤትህን ያሙቅልህ፣ በሰላም ያገናኘን።

የጻፍከው ካለ ላክልኝ። ከሌለም ጀምርና የደረስክበትን፣ ግማሽም ቢሆን፣ ላክልኝ። እኔ ምንም አልቀጥልበትም።

እህትህ