በጎን የተሳለው ፈረሰኛ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 1979

ውድ ተረፈ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ስለ መጽሐፎቹ ብጀምር እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ። የላክኸው እሽግ ደሴ ሁለት ሳምንት ከርሞ በሾፌሩ በቸኮል እጅ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱን ናፍጣ ነክቷቸዋል፤ አንዱ ደግሞ መጨረሻው ተቀዷል። ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት መጨረሻ የሌለውን ነው። የተማሪዎቼን ደብተር ማረሙን ትቼ በሦስት ቀን ጨረስኳቸው።

ልጆች ሳለን የሥዕል መጽሐፍ የምንለውን አንተ አሁን ኮሚክ ትለዋለህ። ይሁን፣ ኮሚክ እንበለው። አዲሶቹ ወረቀታቸው ይለሰልሳል፣ ቀለማቸው ዓይን ይስባል፤ ግን ወሬ ያበዛሉ። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣው ነጭ ፊኛ ግማሹን ሥዕል ይሸፍነዋል። ሰውዬው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ አሥር መስመር ያወራል። የድሮዎቹ ሲወድቁ ዝም ብለው ይወድቁ ነበር። ቀለም አልነበራቸውም፣ ወረቀታቸውም ስኳር የሚጠቀለልበት ዓይነት ነበር፤ ፈረሶቹ ግን ይሮጡ ነበር። የአዲሶቹ ፈረሶች ፎቶ ሊነሱ የቆሙ ይመስላሉ። ምናልባት እኔ አርጅቼ ይሆናል፤ ሃያ አምስት ሞላኝ እኮ።

የቀበሌው ንባብ ቤት ደግሞ ከወዳጅ አገሮች የመጡ አሉት። እነሱንም አንብቤያለሁ፤ ምን የማላነበው አለ። ትራክተር፣ ስንዴ፣ ፈገግታ። ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ወደ አንባቢው ያያል። በእኛ የልጅነት ሕግ ቢዳኙ አንድም ኃጥእ አይገኝባቸውም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በቸኮል እጅ የምልከውም ለዚሁ ነው።

ያ ሕጋችን አሁንም ያስቀኛል። አባትህ አለቃ ተክለ ሃይማኖት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያስተምሩህ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ኃጥእ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ነግረውሃል። አንተም መጥተህ ለእኔ ነገርከኝ። በስልሳ ስድስት ከጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ያን ሽፋን የሌለው የካውቦይ መጽሐፍ ስናገኝ ቋንቋውን ስለማናውቅ በዚሁ ሕግ አነበብነው። ባለነጭ ባርኔጣው ሁልጊዜ ስለሚጋልብ ሁልጊዜ በጎን ነው፤ ስለዚህ ክፉ። ወፍራሙ ባለሪዝ ወደ እኛ ያያል፤ ስለዚህ ደግ። በመጨረሻ ባለሪዙን ሲሰቅሉት እኔ አለቀስኩ፣ አንተ ደግሞ ሰማዕት ነው ብለህ ማክሰኞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምክለት። ከሁለት ዓመት በኋላ መምህር ካሳ፣ ጣሊያንኛ ያውቅ የነበረው፣ ሁለት ገጽ አንብቦ እንባው እስኪወርድ ሳቀብን። ባለሪዙ ለካ ባንክ ዘራፊ ነው። አንተ መጽሐፉን እኔ የጻፍኩት ይመስል ሳምንት ሙሉ አኮረፍከኝ።

እስካሁን ስለ መጽሐፍ አወራሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ እሱ አትጻፊልኝ ስላልከኝ ሰው ነው፤ ስለ አባትህ። ቅር ቢልህም አንብበው።

መምህር ካሳ ከሳቀብን ወዲህ የፈረንጆቹን አሳሳል በጽሞና ማየት ጀመርክ። በሰባ አንድ አባትህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ የራስህን ግድግዳ ሲሰጡህ ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎን ሳልከው። ምሳህን ይዤ መጥቼ ሳየው ደነገጥኩ።

"ምነው ተረፈ፣ አንድ ዓይን? ሰው ምን ይላል?" አልኩህ።

"ወደሚወጋው ነው እንጂ ወደኛ ምን ያያል?" አልከኝ፤ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ።

በማግስቱ አባትህ ገብተው አዩት። አቡጀዴ ለጥፈው ሸፈኑት። ሥዕሉ ገና አላለቀም ነበር። አንተም በሳምንቱ አሰብ ገባህ። ለአባቴ ያሳበቁብኝ ቄሰ ገበዝ አስፋው ናቸው ብለህ እስከ ዛሬ ትረግማቸዋለህ።

እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ከአንተ ዘንድ ስመለስ በቀጥታ ቤታችሁ ሄጄ፣ "አለቃ፣ ሳይውል ሳያድር ሄደው ይዩለት" አልኳቸው። ድንጋጤዬ መንገድ ላይ ለቆኝ ደስታ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ያለ ሥዕል አይቼ ስለማላውቅ እሳቸውም ደስ የሚላቸው መሰለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ፣ ካወቅህ መጻፍ ታቆማለህ፣ መጽሐፎቹም ይቀሩብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራኝ አትጠይቀኝ። ቄሰ ገበዙ በእኔ ጥፋት ሲረገሙ እያነበብኩ መልስ ስጽፍልህ መኖሬ ያሳፍረኛል።

አሁን የአባትህን ግራ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙንም ጀምሮታል። ከፋሲካ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ሲመጡ እንግዳ ነገር ነበር። ተቀምጠው፣ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "ልጁ የሚልክልሽን እስቲ አምጪው" አሉኝ። አመጣሁላቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገጽ በገጽ አዩ። ፊኛው ውስጥ ያለውን አላስነበቡኝም። አንድ ፈረሰኛ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አኖሩበት።

"ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደሚሄድበት ነዋ፣ አለቃ።"

ገጹን መልሰው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ፣ "ልጁስ ያኔ ነግሮኝ ነበር" አሉ።

ባለፈው ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አቡጀዴውን በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ ላጡት። ቄሰ ገበዙ መሰላሉን ያዙላቸው፣ እኔ ከታች ውኃ አቀብል ነበር። ሙጫው አራቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የተቀባው፤ መሃሉን ጠብታ አልነካውም። ቀለሙ ያኔ እንዳየሁት ነው። የጎደለው የፈረሱ ሁለት የኋላ እግር ብቻ ነው።

"እንግዲህ ይጨርሱታ፣ አለቃ" አሏቸው ቄሰ ገበዙ።

"እኔ አልጀመርኩትም" አሉ።

ክሊኒኩ ደሴ ሆስፒታል ይሂዱ ብሏቸዋል። እንቢ ብለዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "አብሽሪ፣ እሄዳለሁ። ሐኪሙ የቀረችኝን ቢያጠፋትስ? መጀመሪያ ልጄ ሲጨርሰው ልይ" አሉኝ። ና በይልኝ አላሉኝም፤ ጠባያቸውን ታውቃለህ። ይህን የምልህ እኔ ነኝ፤ ልጄ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

ክረምቱ ከገባ በአቀስታ በኩል ያለው መንገድ ይበላሻል፤ ከሰኔ አጋማሽ በፊት ተነሣ። የወደብ መታወቂያህን አትርሳ፤ ኬላ ላይ ይጠይቁሃል። ስለ እኔ ብትቆጣ እውነትህን ነው፤ ንዴቱን ግን እሳቸው ላይ አትወጣው። ከአውቶቡስ ስትወርድ እኔን ማየት ካልፈለግህ በቸኮል ላክብኝ። የዚያን ቀን ከቤት አልወጣም።

የዓለምዘርፍ