ስሜን ከዚህ ቤት አላነሣም

ለእህቴ ለቦንግሬ፣

ሰላምታው ይደርሳል፤ መጀመሪያ አንድ ወሬ ላርም። ልጄ ጂንሱክ ባዶ ቤት ውስጥ ጥላኝ አልሄደችም። እኔም አልጃጀሁም። የአክስታችን ልጅ ደውላ «ፒልሬ አእምሮዋ ተነክቷል፤ ወንበር እንኳ በሌለው ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ትላለች» ብላ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። ከዚህ ሁሉ እውነቱ ቤቱ ባዶ መሆኑና እኔም ንቅንቅ አለማለቴ ብቻ ነው። የተጣልኩ ግን አይደለሁም፤ ዘብ ቆሜ ነበር። ደግሞ ሰው ሲያማ ሙሉውን ቢያወራ ምን ነበረበት? እኔን ልትጠይቅ መጥታ የዓሣ ሾርባዬን ሁለት ጎድጓዳ ሳሕን ጠጥታ፣ አፏን ጠርጋ ነው የሄደችው።

አሁን እንደምን አለሽ፣ እህቴ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚያ ጀርመን የዱይስቡርግ ብርድ ረገበልሽ ወይስ ዛሬም አጥንት ይፈልጋል? ሐኪሙ ያዘዘልሽን የዓይን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ «ቆይ፣ በኋላ» ትያለሽ? ባለቤትሽ ኡልሪሽስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እህል ቀመሰ? እኔ ደህና ነኝ። ከጥርሴ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን የምጽፍልሽም ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጉንሳን ያለውን የአባታችንን ቤት ስንሸጥ «የኔን ድርሻ ለጂንሱክ ስጫት» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያ ገንዘብ የት እንደገባ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፤ ጨዋ ነሽ። ይኸውና ልንገርሽ። ጂንሱክና ባሏ ከደመወዛቸው ያጠራቀሙትን፣ የአባታችንን ቤት ዋጋና ከባንክ የተበደሩትን ቀላቅለው ለዚህ ቤት ባለንብረት ለአቶ ማ በመያዣነት አስረከቡት። ይህ ወግ አንቺ ሳትሄጂም ነበር፤ ተከራዩ ወርኃዊ ኪራይ አይከፍልም፤ ትልቁን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ይነግድበታል፤ ውሉ ሲያልቅ ሳያጎድል ይመልሳል። ቢያንስ ይመልሳል ይባላል።

አቶ ማ በእኛ መያዣ ከገበያው ጀርባ ሌላ ሕንፃ ገዛ። በዚያኛው ተከራዮች መያዣ ደግሞ ቦታ ገዝቶ የመኪና እጥበት ከፈተበት። የቤት ዋጋ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ብልህ ነጋዴ ይለው ነበር። ዋጋው ሲወርድና ወለድ ሲወጣ እርሱም እንደሌላው ባለዕዳ ሆኖ አረፈው። እዚህ ኮሪያ ዛሬ ዕዳ የሌለበትን ሰው ለማግኘት የማዋለጃ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በሽማግሌዎች ማረፊያችን ስለ ሕመም ማውራት ቀርቷል፤ የአንዷ ልጅ ለቤት፣ የሌላዋ ልጅ ለልጆቹ የማታ ትምህርት፣ የሦስተኛዋ ልጅ ዶሮ መጥበሻ ለመክፈት ተበድሯል። ድሮ የተበደረ ሰው ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ ይዞር ነበር። ዛሬ ሁሉም ስለተበደረ ጓሮው ጠበበ።

ባለፈው የብርድ ወቅት የአማቼ ሥራ ወደ ኡልሳን ተዛወረ። ውሉም ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ልጆቹ በመጋቢት ትምህርት መጀመር ስላለባቸው ቤተሰቡ ስሙን ወደ ኡልሳን ቀበሌ ማዞር ግድ ሆነበት። አቶ ማ ግን «አዲስ ተከራይ እስኪገኝ ገንዘብ የለኝም» አለ። ሕጉን ታውቂው እንደሆነ እንጃ። በቤቱ እየኖርሽ ስምሽ በቀበሌው መዝገብ በዚያ ቤት ቁጥር ላይ እስካለ ድረስ፣ ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ ከአንቺ በኋላ ካበደሩት ሁሉ ቀድመሽ ገንዘብሽን ትወስጃለሽ። ስምሽን ወደ ሌላ ቤት ያዞርሽ ዕለት ግን ወረፋሽን ለቀሽ ወጣሽ ማለት ነው፤ በማግስቱ ብትመለሺ ከሰልፉ ጭራ ነሽ። ከቤተሰቡ የአንድ ሰው ስም ከቀረ ግን ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ «እናንተ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሜና እኔ እንቀራለን» አልኳቸው። ፍራሽ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ የጎመን ኪምቺና መነጽሬን ተውልኝ። ወለሉ ከሥር ይሞቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል? የቀረው ጊዜዬ በመጥረግና በማንበብ ያልፋል።

አንድ ቀን አቶ ማ አንድ ሣጥን ከናጁ ከተማ የመጣ ፒር ታቅፎ መጣ። እያንዳንዱ ፍሬ የሕፃን ራስ ያህላል። እኔ ዘንድ ፍራፍሬ እንዲህ ሲተልቅ ልመናውም ትልቅ ነው። ተንበርክኮ «እማማ፣ እናቴ ማለት ነዎት» አለኝ። እናቱ በሕይወት አሉ። «ለአንድ ቀን ብቻ ስምዎን ወደ እኅቴ ቤት ያዙሩልኝ። ባንኩ ቤቱን በመዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ካየው ያበድረኛል፤ በዚያው ገንዘብ የናንተን ከፍዬ እገላገላለሁ። በማግስቱ ስምዎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማን ያውቃል?» «ሕጉ ያውቃል» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያም ሳይታሰብ አለቀሰ። ማታ ማታ አበዳሪዎቹ ስልኩን እንደሚያስጮሁበት፣ ሚስቱም ወደ ወላጆቿ እንደሄደች ነገረኝ። የውሸት አልመሰለኝም። የገብስ ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት፤ ሾርባም ሰጠሁት። ሆዴ ራራለት። ስሜ ግን አልራራለትም። ፒሩንም አሸክሜ መለስኩት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የእኛን ሰው እንዴት እንደሚያጠምደው ታውቂያለሽ። ሌላ አገር ቢሆን «አይሆንም» ተብሎ ይዘጋል። እኛ ግን ይሉኝታ ይገድለናል። ከእኔ በታች ያለው ወለል ላይ ፀጉር ሠሪዋ ወይዘሮ ጊል አለች፤ ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። እርሱና አቶ ማ የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ማ በትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይበልጠው ነበር። ያ በቃ! ታላቅ የለመነውን ታናሽ እምቢ አይልም። ወረድ ብዬ ስገባ ባልየው በስም ማዞሪያው ቅጽ ላይ በፊርማ ፋንታ ሊያሳርፈው ማኅተሙን አውጥቶ ቀዩን ቀለም እያስነካ አገኘሁት። «ምን ልታደርግ ነው?» ስለው «እማማ፣ ታላቄ ነው፤ አንድ ቀን እኮ ነው» አለ። ሚስቱ መቀሷን እንደያዘች «ትምህርት ቤት ሳለ ጫማ ያስጠርግህ አልነበር? ዛሬም ጥረግለት!» አለችው። እኔ አልጮህኩም። «ልጄ፣ ታላቅህን አክብር፤ ስትገናኙ ጎንበስ በል፣ መጠጡንም በሁለት እጅህ ቅዳለት። የልጆችህን ጣሪያ ግን በሁለት እጅህ አታስረክበው» አልኩት። ቀለሙ ማኅተሙ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የከበደኝ ግን ከገዛ ቤቴ የመጣው ነበር። አቶ ማ እኔን ማሳመን ሲያቅተው ወደ ኡልሳን ደወለ። ጂንሱክ እያለቀሰች «እማዬ፣ ለባንኩ ወለድ፣ ለዚህኛው ቤት ደግሞ ኪራይ እየከፈልን መተንፈስ አቃተን። አንድ ቀን ብቻ ነው። እሺ በይውና ይክፈለን» አለችኝ። አማቼም ከኋላዋ «እናትሽ ድንጋይ ናቸው!» ሲል ሰማሁት። እንደ ስድብ አልቆጠርኩትም። ከገበያው ማዶ ያለ አንድ ሌላ ባለቤት ተከራዮቹን እንዲሁ «አንድ ቀን» ብሎ ለምኖ ነበር። ስማቸውን ባዞሩ በዚያው ከሰዓት ቤቱን ለባንክ አስያዘ፤ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ እነርሱ ከጭራ ቆመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህን ነገርኳትና «የአባቴ ቤት እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው። የሚርባችሁ እንደሆነ ጡረታዬን እልካለሁ። ስሜን ግን አላነሣም» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቦንግሬ፣ ያን ቀን ሩዙ አልወረደልኝም።

በዚህ መካከል የምርጫ ቅስቀሳው ተጀመረ። ታስታውሺው እንደሆነ፣ አንድ ዓይነት ጃኬት የለበሱ ሴቶች መንገድ ዳር እየጨፈሩ ለአውቶቡሱም ለውሻውም እጅ ይነሣሉ። የሰፈራችን ሁለት ዕጩዎች በአንድ ቀን ወደ ሽማግሌዎች ማረፊያ መጡ፤ ወሬው ስለ ዕዳ ስለሆነ ተከራዩም ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ወጣቱ ዕጩ «ዕዳ ያነቃቸውን ባለ ሱቆች ብድር መንግሥት ይግዛላቸው» አለ። አንዷ «የእኔን ልጅ ብድር ከገዛህ የዶሮ መጥበሻውን እመርቅልሃለሁ፤ ዶሮው ግን አይጣፍጥም!» ብላ ሰውን አሳቀችው። ሽማግሌው ዕጩ ደግሞ «ባንክ ከገቢ በላይ እንዳያበድር እናጠብቃለን፤ የተከራይ መያዣም በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ» አለ። መጥፎ አልነበረም፤ ሁለቱንም አዳመጥኳቸው።

ከዚያ ተነሣሁ። ትምህርት ቤት እንደለመድነው እግሬን ገጥሜ፣ እጄን ከፊቴ አጣምሬ። የማንንም ስም ሳልጠራ ያንን «የአንድ ቀን» ልመና ነገርኳቸው። «አንድ ነገር ንገሩኝ» አልኩ፤ «ስሜን ዛሬ ባስመዘግብ መብቴ የሚነቃው ነገ ነው። ባለቤቱ ቤቱን ዛሬ ቢያስይዝ ግን የባንኩ መብት ዛሬውኑ ይነቃል። የተከራይ ስም እንቅልፋም፣ የባንክ ስም ንቁ የሆነው ለምንድን ነው?» ወጣቱ ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ግሩም ጥያቄ ነው፤ እናጠናዋለን» አለ። «ልጄ፣ ጥናት የተማሪ ነው፤ አንተ ሥራ ልትቀጠር ነው የመጣኸው» አልኩት። አዳራሹ ሲስቅ ሽማግሌው ቀልጠፍ ብሎ «እኔ ብመረጥ የተከራይ ስም በተመዘገበበት ሰዓት እንዲነቃ ሕግ አቀርባለሁ» አለ። ወጣቱም ዘሎ «እኔም! እንዲያውም ከእርሳቸው በፊት!» አለ። ተስፋ ሆድ አይሞላም፤ አውቃለሁ። ግን ሁለት ባላንጣዎች ለአንድ ነገር ሲሽቀዳደሙ ማየት ደስ ይላል። ዛሬ ሁለቱም በመንገዱ ግራና ቀኝ ይህንኑ ቃል ጨርቅ ላይ ጽፈው ሰቅለዋል።

ትልቁ ነገር ግን ከእነርሱ አልመጣም። ገና ሳልቀመጥ ከኋላ አንዲት ሴት «ጉድ! እኛን ለነገ ጠዋት ነው የቀጠረን! ፒሩ ገና ቤቴ አለ!» ብላ ጮኸች። ከገበያው ጀርባ ያለው የአቶ ማ ሕንፃ ተከራይ ናት። ሌላዋም «የእኔን ልጆቼ በሉት» አለች። ወይዘሮ ጊል አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ «ፒሩን ብሉ፤ ስማችሁን አትስጡ!» አለቻቸው። በሁለቱም ሕንፃ አንድ ሰው እንኳ ስሙን አላነሣም። ይሉኝታ የያዛቸውን ባሎች ሚስቶቻቸው ማኅተማቸውን ወስደው ደበቁባቸው። አቶ ማ የሚያስይዘው ባዶ ቤት ስላጣ፣ ያልነካውን አንድ ነገር ሊነካ ግድ ሆነበት፤ የመኪና እጥበቱን ቦታ ሸጠ።

ዛሬ ከሰዓት ጂንሱክ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ደነገጥኩ፤ የምታለቅስ መስሎኝ። ለካ እየሳቀች ነው። «እማዬ፣ ገባ! ሙሉው ገንዘብ ገባ! የባንኩን ዕዳ አሁኑኑ ዘጋሁት!» አለችኝ። ከዚያ አማቼ ስልኩን ተቀበለ። «ድንጋዩን ነው የምትፈልገው?» ስለው «አዎ፣ እማዬ። ቤታችንን በድንጋይዎ ላይ እንሥራው» አለኝ። በደንብ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነው። እህቴ፣ ልጆችሽ ዛሬ የማንም ዕዳ የለባቸውም! የአባታችን ቤት አንድ ሸክላ ሳይጎድልበት ወጥቷል። ባዶው ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሦስት ጊዜ እልል አልኩ፤ ወይዘሮ ጊልም ከታች ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች መለሰችልኝ። የታክሲው ነጂ የእነርሱም ገንዘብ ውላቸው ሲያልቅ እንደሚከፈል በጽሑፍ ተቀብሏል፤ በታላቁ በአቶ ማ ማኅተም።

ለኡልሪሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሰውነቱ እንዲጠገን የዓሣ ሾርባ አብስይለት። ልጅሽ ሱዛኔን ሳሚልኝ፤ ቤት ልትገዛ ነው ብለሽ ነበር፣ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ጊዜ ታንብብ። የልጅ ልጅሽ ፌሊክስ ቁመቱ የት ደረሰ? ኮሪያኛ መማር ጀምሬያለሁ ያለው እውነት ከሆነ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ አርሜ እመልስለታለሁ። ለጎረቤትሽ ለማዕድን ሠራተኛው ለአቶ ቻምም ሰላም በይልኝ።

ነገ ከሁሉ በፊት ወለሉን እወለውላለሁ፤ ለባላጋራም ቢሆን የቆሸሸ ቤት አላስረክብም። ከዚያ ቁልፉን ለአቶ ማ እሰጣለሁ። ከምርጫው ቀን አስቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ነገ ስለሆነ ወደ ምርጫ ጣቢያው ገብቼ ድምፄን እሰጣለሁ፤ ለየትኛው እንደሆነ ለአንቺም አልነግርም። ቀጥዬ የኡልሳንን ባቡር እይዛለሁ። ጂንሱክ «ጣቢያ ድረስ መጥቼ ልቀበልሽ» ብላለች፤ ምሳም ትሠራለች። እኔ ግን ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቀበሌ ነው የምሄደው። መስኮቱ ሳይዘጋ ስሜን በልጆቼ ቤት ቁጥር ላይ አስመዘግባለሁ፤ ምሳው ከዚያ በኋላ።

ታላቅ እህትሽ ፒልሬ
ኢንቾን፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2024