ዝናብ የሸፈነልን የመሰለኝ

ሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ መቱ

የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ማስታወቂያ በስልክ ላከችልኝ። ለመድብል የሚሆኑ፣ ከተማ ውስጥ የሚፈጸሙ፣ የአልጋን ነገር ሳያፍሩ የሚያወሩ አጫጭር ልቦለዶች ይፈለጋሉ ይላል። “አባባ፣ ለእርስዎ ወሬ የሚሆን ቦታ ተገኘ” ብላ ቀልዳለች። መቱም ከተማ ናት ብዬ ጻፍኩ። የቀበሌ ቤታችን ግድግዳ ስስ ስለነበር፣ እኔና ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አስካለ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ እንዴት እንጠብቅ እንደነበር። ስሟን ብቻ ለወጥኩ።

ዛሬ ለማስተየብ ጫልቱ ሱቅ ወሰድኩት። ያኔ አዲስ ሙሽራ ሆና ከግድግዳው ማዶ ትኖር እንደነበር እንዴት ረሳሁ? ሁለተኛው ገጽ ላይ እጇ ቆመ።

“ያ ዋቀዮ! ጋሼ፣ ይሄ እርስዎና እትዬ አስካለ ናችሁ!”

“ልቦለድ ነው አንቺ፣ ዝም ብለሽ ምቺ።”

“እኛ እኮ እንዳታፍሩ ብለን፣ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ሬዲዮ እናስጮህ ነበር!”

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ፤ አልልከውም። አስካለ ማንም አልሰማንም ብላ፣ ጠዋት ጠዋት ኮራ ብላ ጎረቤት ሰላም ስትል ኖረች። ይህን ብትሰማ ትራሱን ፊቷ ላይ ደፍታ ትስቅ ነበር።

ዝናቡ አሁን ጀመረ። ብትኖር የጫልቱን ወሬ የምነግረው ለእሷ ነበር።