ግማሽ ሳህን ማየት ለማይወዱት ኃላፊ

ለተከበሩ የምግብ አቅርቦትና ፍላጎት መረጃ ቢሮ ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ምሳዎን በሰዓቱ እንደሚበሉና ከዚያም ጥቂት እንደሚያርፉ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ፣ በጤናዎ በኩል ሐሳብ እንደሌለብኝ በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በዚህ ዓምድ የሰው ቤት ወሬ ሳመላልስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የዓለምን የእህል ነገር ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ሆኖም በቢሮዎ ኮሪደር ስለተሰቀለው ሥዕላዊ መግለጫ ሰፈር ሁሉ ሲያወራ እኔ ብቻ ዝም ብል አንባቢዎቼ ይታዘቡኛል።

ላላዩት ላስረዳ። ከዳር እስከ ዳር የዓለም ካርታ ነው። የስንዴ ዛላ ያለውን እህል ያሳያል፤ ሳህን ደግሞ በላተኛውን። አንድ ሳህን መቶ ሺህ ሰው ነው። ዛላው የበዛበት አረንጓዴ፣ ሳህኑ የበዛበት ቀይ ይቀባል። እንኳን ባለሙያ፣ እኔም ቦርሳዬን እንደያዝኩ በአንድ እይታ ማን እንደጠገበና ማን እንደተራበ ገባኝ። እኛ ጠግበናል።

አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ የወረዳችን ሕዝብ አርባ ስድስት ሺህ ነው፤ የቆጠረው የራስዎ ቢሮ ነው። ካርታውን የሣለችው የቢሮዎ ባለሙያም ይህንኑ አይታ ግማሽ ሳህን ብትስልልን፣ «ይሄ ምንድን ነው? ስባሪ ይመስላል፤ እንግዳ ያየዋል፤ አጥፊው» እንዳሏት ሰምቻለሁ። እሷ አልነገረችኝም፤ እሷማ ደመወዟን ትፈልገዋለች። ለውበት ያለዎትን ጥንቃቄ ከልብ አደንቃለሁ። ስባሪ ሳህን ከማየት አርባ ስድስት ሺህ ሰው አለማየት ለዓይን ይቀላል።

ሁለተኛ፦ ሳህናችን ከጠፋ በኋላ የቀረልን አራት የስንዴ ዛላ ነው። እሱም የኛ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር ያለው መጋዘን ወደ ሌላ አገር የሚሄድ እህል እስኪጫን የሚቆይበት ነው። ከእህሉ የሚደርሰን የካሚዮኑ አቧራ ብቻ ነው። አራት ዛላ አለ፣ በላተኛ የለም፤ ስለዚህ አረንጓዴ ሆንን። መጥገባችንን በወቅቱ ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፦ በእቅድ ስብሰባችሁ ላይ የሕዝቡ ቁጥር ያለበትን ሠንጠረዥ ያነበበ ሰው አልነበረም አሉ። ሁሉም ተነሥቶ፣ ኮሪደር ወጥቶ፣ ግድግዳውን አይቶ ተመለሰ። ወዲያው «አረንጓዴ ላይ የምን እርዳታ ነው?» ተባለና የትምህርት ቤታችን ምሳ ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲቆም ተወሰነ። የሚበሉት ልጆች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አብዛኞቹ በቀን ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

ምሳውን የምታበስለው ጎረቤቴ፣ ልጆቹ «እማማ ጭልፋ» የሚሏት፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መጥታ እዚያ ካርታ ሥር ግማሽ ቀን ቆመች። እርስዎም ሲያልፉ ጎብኚ መስላዎት፣ በእጅዎ እያሳዩ፣ «ይኸውልዎ እናቴ፣ እዚህ ጋ ምንም ችግር የለም» አሏት። «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ እኔ አለሁ» ብትልዎ፣ «ልኬቱ ነው እናቴ፤ እርስዎን አያሳይም» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ለትከሻው እናመሰግናለን።

አራተኛ፦ ምክትልዎ መፍትሔ ስለሰጡን ባለውለታችን ናቸው። ሃምሳ ሺህ ብንሞላ ቁጥሩ ወደ ላይ ተጠጋግቶ ሙሉ ሳህን ይገባናል አሉ። የጎደለን አራት ሺህ ሰው ብቻ ነው። ለወረዳው ሴቶች ነግሬያቸዋለሁ፤ ሆኖም ዛሬውኑ ብንጀምር እንኳ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፣ ለምሳው መቆም ደግሞ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው እህል አይደለም፤ እህሉ በበራችን ያልፋል። ያቺን ግማሽ ሳህን ብቻ መልሰው ያሥሉልን። እንደሰማሁት ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ቢሮዎ ደግሞ ውሳኔውን ሊያነሣ የሚችለው የወሩ የመጨረሻ ስብሰባ እስኪደረግ ድረስ ነው። እንግዳ ከመጣ ከፊቷ የአበባ ማስቀመጫ ያቁሙ።

ዕድሜና ጤና፣ የማይጎድል ማዕድም እየተመኘሁልዎ፣ ወደ ታች ተጠጋግተው ከጠፉት አርባ ስድስት ሺህ ሰዎች አንዷ፣ እጅ ነሥቼ ተሰናበትኩ።

የዓምዱ ጸሐፊ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የምሳው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሰው መሄድ ጀምሯል። የመንትዮቹ እናት ሐሙስ ዕለት ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ ፀጉር አስተካካያችንም መስታወቱን ነቅሎ ጭኗል። ሥዕልዎ ሲሰቀል ስሕተት ነበር። ትንሽ ቢታገሡ ግን ማረም ሳያስፈልግዎ ትክክል ይሆንልዎታል።